የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ግንድን መምረጥና በጥንቃቄ መሰንጠቅ

በዚህ እትም ከእንጨት መሰንጠቂያ ሥራ ጋር የተያያዙ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አቅርበናል። ጠያቂዎቹ የመሰንጠቂያ ባለቤት፣ የመጋዝ ኦፕሬተር፣ ጣውላ ተቀባይ፣ ግንድ አውራጅና አናጺ ናቸው። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም፣ ደብዳቤዎቹን ደጋግሞ ላነበበ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። እንጨቱ የሚባክነውም ሰው የሚጎዳውም በአብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው፤ ይኸውም ግንዱ በሚገባ ሳይታይና ሳይታሰብበት በችኮላ ወደ ምላጩ መቅረቡ ነው። ስለዚህ መልሶቹን ስንጽፍ ምርትንና ደህንነትን እንደ ሁለት ተፎካካሪ ጉዳዮች አልለያየናቸውም።

ጥያቄ፦ አነስተኛ የእንጨት መሰንጠቂያ በቅርቡ አቋቁሜአለሁ። ግንድ ስረከብ የምለካው ውፍረቱንና ርዝመቱን ብቻ ነው። ከገባው ግንድ ጣውላ ሆኖ የሚወጣው ግማሽ ያህሉ ሲሆን፣ የቀረው ቁርጥራጭና ሰጋቱራ ነው። ይህ ተገቢ ውጤት ነው? ግንድ ስመርጥስ ምን ማየት ይገባኛል?

መልስ፦ ግማሽ ማግኘትዎ በራሱ የሚያሳፍር ውጤት አይደለም። ከክብ ነገር ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን ነገር ሲወጣ የግድ የሚቀር አለ። ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግንድ ሊወጣ የሚችለው ትልቁ ካሬ ጎኑ 21 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከተቆረጠው ገጽ ስፋት 64 በመቶውን ብቻ ይይዛል። ከአራቱ ጎኖች ጠበብ ያሉ ጣውላዎች መውጣታቸው ባይቀርም፣ ምላጩ የሚበላው፣ የግንዱ ወደ ጫፉ መቅጠንና ጉብጠቱ ያንኑ መልሰው ይወስዱታል። ግንዱ ቀጭን በሆነ ቁጥር ድርሻው ይበልጥ ይወርዳል። እንግዲህ ሊያሳስብዎ የሚገባው ግማሽ ማግኘትዎ ሳይሆን፣ ከአንዱ ግንድ ብዙ ከሌላው ግንድ ጥቂት የሚያገኙበትን ምክንያት ገና አለማወቅዎ ነው። ምክንያቱ ደግሞ በአብዛኛው ግንዱ ላይ ተጽፎ የሚነበብ ነው።

ዐይንዎን በመጀመሪያ የሚያሳርፉት ግንዱ በተቆረጠበት ጫፍ ላይ ይሁን፤ ሁለቱንም ጫፎች ይመልከቱ። የእድገት ቀለበቶቹ መነሻ የሆነው እምብርት መሃል ላይ ከሆነና ቀለበቶቹ ዙሪያውን እኩል ከተቀመጡ ዛፉ ቀጥ ብሎ ያደገ ነው። እምብርቱ ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ በአንደኛው በኩል ቀለበቶቹ ሰፍተው፣ በሌላኛው በኩል ተጠጋግተው ካዩ ግን፣ ዛፉ ዘንበል ብሎ ወይም ከአንድ ወገን ነፋስ እየገፋው የኖረ ነው። በጥድና በመሰል ዛፎች ላይ በሰፊው ቀለበት በኩል ያለው እንጨት ጠቆር ብሎ ይታያል። ጤናማ እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ የሚያጥረው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ይህኛው ግን በርዝመቱም ስለሚያጥር ጣውላው ከደረቀ በኋላ ይጣመማል። እንዲህ ያለውን ግንድ ለአጫጭር ሥራ ያውሉት እንጂ ለረጅም ሳንቃ አይምረጡት።

ቀጥሎ ስንጥቁን ይመርምሩ። ከእምብርቱ ወደ ዳር የሚሄድ አንድ ስንጥቅ ብዙ የሚያስፈራ አይደለም፤ ግንዱን ወደ ምላጩ በሚወስደው ጋሪ ላይ ሲያስቀምጡ ስንጥቁ ከምላጩ መስመር ጋር ትይዩ እንዲሆን ቢያዞሩት፣ ጉዳቱ በአንድ ወይም በሁለት ጣውላ ተወስኖ ይቀራል። ቀለበቱን ተከትሎ የሚዞረው ስንጥቅ ግን የተለየ ነው። የግንዱን ውስጥ ከውጭው ስለሚለየው ጣውላው በምላጩ ላይ ሳለ ለሁለት ሊከፈልና ቁራጩ ሊፈናጠር ይችላል። ይህንን ግንድ በርካሽ ቢያቀርቡልዎም ባይረከቡት እመክራለሁ። ጫፉ ላይ የተፈረፈረ ወይም ቡናማ ሆኖ የለሰለሰ ቦታ ካለ፣ በመጥረቢያው ጀርባ ግንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየመቱ ያዳምጡት፤ ጤናማው ጠንከር ያለ የጠራ ድምፅ ሲሰጥ፣ ውስጡ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ያሰማል።

አንድ ምልክት ደግሞ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በተቆረጠው ጫፍ ላይ፣ ወይም ቅርፊቱ በተላጠበት ቦታ፣ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ወይም በርዝመቱ የሚሄድ ጥቁር ሐረግ ካዩ ቆም ይበሉ። በብዙ ዛፎች ውስጥ የሚገኘው ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ንጥረ ነገር ከብረት ጋር ሲገናኝ እንዲህ ያለ ቀለም ይሰጣል፤ ስለዚህ ውስጡ ሚስማር፣ ሽቦ ወይም ሌላ ብረት ሊኖር ይችላል። ከአጥር፣ ከመኖሪያ አካባቢና ከመንገድ ዳር የተቆረጡ ዛፎች በዚህ የታወቁ ናቸው። ዛፉ ወደ ጎን እየወፈረ ሲሄድ ሚስማሩን ስለሚውጠው ከውጭ አይታይም፤ ሚስማሩ ግን ወደ ላይ ስለማይሄድ በተመታበት ከፍታ ላይ ይቀራል፤ በመሆኑም በአብዛኛው ሰው እጁ በሚደርስበት በታችኛው ግንድ ውስጥ ነው የሚገኘው። በእጅ የሚያዝ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ መግዛት ከቻሉ ይግዙ። ምላጭ ብረት ሲመታ የሚጠፋው ጥርስ ብቻ አይደለም፤ የተሰበረው ጥርስ ፊት ለፊት ወደ ቆመ ሰው ሊወረወር ይችላል።

ስለ ጉብጠት የሚታወቅ አንድ ጠቃሚ ሒሳብ አለ። ወጥ የሆነ ጉብጠት ያለውን ግንድ ለሁለት እኩል ሲቆርጡት፣ የእያንዳንዱ ቁራጭ ጉብጠት ግማሽ ሳይሆን ሩብ ይሆናል። 4 ሜትር ርዝመት ያለውና መሃሉ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር የጎበጠ ግንድ፣ 2 ሜትር ሆኖ ሲቆረጥ ጉብጠቱ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ የጎበጠን ግንድ ከመጣል በፊት የት ቢቆረጥ እንደሚሻል ያስቡ፤ ደንበኛዎ የሚፈልገው ጣውላ አጭር ከሆነ ከጎባጣ ግንድ ያለ ብዙ ብክነት ሊያገኙት ይችላሉ። መቅጠኑም እንዲሁ ነው፤ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል መቅጠን የተለመደ ሲሆን፣ ከዚያ አብዝቶ የሚቀጥን ግንድ ቢያጥር ይሻለዋል። ሲቆርጡ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ትርፍ መተውዎን አይርሱ፤ ያለ ትርፍ የተቆረጠ ግንድ ጫፉ ሲሰነጠቅ ሙሉው ጣውላ ከሚፈለገው ርዝመት በታች ይሆንብዎታል።

መጠኑን ለማወቅ በግንዱ መሃል ላይ ዲያሜትሩን በሁለት አቅጣጫ ለክተው አማካዩን ይያዙ፤ አማካዩን በራሱ አባዝተው፣ ውጤቱን በ0.785 እና በርዝመቱ ያባዙት። መሃሉ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የ3 ሜትር ግንድ 0.212 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህን ቁጥር ከየግንዱ ዓይነትና ከወጣው ጣውላ ጋር በደብተር መመዝገብ ከጀመሩ፣ የትኛው ግንድ እንደሚያዋጣ ማንም ሳይነግርዎ ያውቁታል። ግንዶቹን በውፍረት ከፋፍሎ ማስቀመጥም ትልቅ ጥቅም አለው። ተመሳሳይ ውፍረት ያላቸው ተከታትለው ሲመጡ ኦፕሬተሩ ለእያንዳንዱ ግንድ አዲስ ውሳኔ እየወሰነ፣ መለኪያውን እየቀያየረ አይደክምም። የደከመ ኦፕሬተር ደግሞ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ የምንሰነጥቀው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ግንዱ ገና እንደተቆረጠ ጫፉ ይተረተራል። ጣውላው ከምላጩ ሲወጣ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ አንዳንዱም መሃሉ ወፍሮ ጫፎቹ ይሳሳሉ። ጥፋቱ የማሽኑ ነው ወይስ የእንጨቱ?

መልስ፦ መነሻው እንጨቱ ነው፤ ጉዳቱን የሚያባብሰው ወይም የሚቀንሰው ግን የእናንተ አሠራር ነው።

በቆመ ዛፍ ውስጥ የግንዱ ውጫዊ ክፍል በርዝመቱ የተወጠረ ሲሆን፣ የውስጡ ክፍል ደግሞ ተጨምቆ ይኖራል። ሁለቱ ኃይሎች እስከተመጣጠኑ ድረስ ምንም አይታይም። በፍጥነት የሚያድጉ ዛፎች፣ በተለይም ባሕር ዛፍ፣ ይህ ውጥረት የበረታባቸው ናቸው። ዛፉ ሲቆረጥ ውጥረቱ በጫፉ በኩል ስለሚለቀቅ ከእምብርቱ የሚነሳ ስንጥቅ ይፈጠራል። ከአንድ ጎን ጣውላ ሲነሳ ደግሞ፣ የጣውላው ውጫዊ ገጽ ለማጠር ስለሚሻ ጣውላው ከግንዱ እየሸሸ ይጎብጣል። የቀረው ግንድም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በአንድ ወገን ውጥረቱን ስላጣ በተቃራኒው ወገን ያለው ይስበውና የተቆረጠው ገጽ መሃሉ ወደ ውጭ ያብጣል። በዚህ ያበጠ ገጽ ላይ ምላጩ ቀጥ ብሎ ሲያልፍ የሚወጣው ጣውላ መሃሉ ወፍራም፣ ጫፎቹ ስስ ይሆናሉ። ምላጩን ሲያስተካክሉ ቢውሉ ይህ አይጠፋም።

መፍትሔው ሚዛኑን ሳያዛቡ መሰንጠቅ ነው። ከአንድ ጎን እስከ መጨረሻው አይሂዱ። ከአንደኛው ወገን ልጣጩን (ቅርፊት ያለበትን የዳር ቁራጭ) እና አንድ ወይም ሁለት ጣውላ ካነሱ በኋላ፣ ግንዱን ሙሉ በሙሉ ገልብጠው ከተቃራኒው ወገን ያንኑ ያህል ያንሱ፤ ከዚያም ተመልሰው ወደ መጀመሪያው ወገን ይምጡ። መጨረሻ ላይ እምብርቱ በመሃለኛው ቁራጭ ውስጥ ብቻ እንዲቀር ያድርጉ፤ ይህ ቁራጭ መሰንጠቁ ስለማይቀር ለወፍራም አራት ማዕዘን እንጨት ወይም ለማገዶ ይሁን እንጂ ከጥሩ ጣውላ ጋር አይቀላቀል። ግንዱን ስታገላብጡ የተቆረጠው ገጽ አብጦ ካያችሁት፣ ጣውላ ከማንሳታችሁ በፊት ስስ የሆነ ማቃኛ ቁራጭ አንሱለት። ያ ስስ ቁራጭ እንደ ብክነት ቢታይም፣ ካልተነሳ ቀጥሎ የሚመጣው ሙሉ ጣውላ ይበላሻል። ማገላበጡ ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ። ሆኖም ቀጥ ብሎ የወጣ ጣውላ ዳግመኛ መቃናት ስለማያስፈልገው ጊዜው የጠፋ አይደለም።

ከዚህ በተረፈ ውፍረት ያለውን ግንድ ይምረጡ፤ በቀጭኑ ግንድ ውስጥ ከውጥረት ወደ ጭመቃ የሚደረገው ለውጥ በአጭር ርቀት ስለሚሆን ጉብጠቱ ይበረታል። ግንዱን እስከሚሰነጠቅበት ቀን ድረስ በረጅሙ ያቆዩት፤ እያንዳንዱ አዲስ ቁርጥ ሁለት አዲስ ጫፍ ይፈጥራል፤ እያንዳንዱም ጫፍ ይሰነጠቃል። ከተቆረጠ በኋላ ሳይውል ሳያድር ይሰንጠቁት። የግድ የሚቆይ ከሆነ ጫፎቹን ወፍራም ቀለም ወይም ሰም ቀቡትና ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በጥላ አስቀምጡት።

ስለ ደህንነቱ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የተወጠረ እንጨት ሲሰነጠቅ የተከፈተው መስመር ከኋላ ተመልሶ ሊዘጋና ምላጩን ቆንጥጦ ሊይዘው ይችላል። ክብ መጋዝ ከሆነ የምላጩ የኋላ ጥርሶች ወደ ላይ ስለሚወጡ እንጨቱን አንስተው ወደ ኦፕሬተሩ ይወረውሩታል። ከምላጩ ኋላ የሚቆመው መክፈያ ብረት ለዚህ የተሠራ ነው። ውፍረቱ ከምላጩ አካል ጥቂት የሚበልጥ፣ ምላጩ ከሚከፍተው መስመር ጥቂት የሚያንስ ሆኖ፣ ከጥርሶቹ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ በጥብቅ መታሰር አለበት። ሥራ ያዘገያል ተብሎ የተነሳባቸው ማሽኖች አሉ፤ የእናንተም ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ዛሬውኑ ይመለስ።

ጥያቄ፦ የክብ መጋዝ ኦፕሬተር ነኝ። ሰሞኑን ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ደቋል፤ የመቃጠል ሽታ አለው፤ ጣውላውም ወላውሎ ይወጣል። ባለቤቱ ፍጥነት እንድጨምር ይነግረኛል፤ እኔ ደግሞ ቀስ ማለት ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ ፍጥነቱ ከመወሰኑ በፊት ምላጩ ይውረድና ይታይ። ሰጋቱራው እውነቱን እየነገራችሁ ነው። ስለታም ጥርስ እንጨቱን እየላጠ ስለሚያወጣው ሰጋቱራው በጣት ሲነካ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይዳሰሳል። እንደ ዱቄት ሲደቅ ግን ጥርሱ መቁረጡን ትቶ እያሸ ነው ማለት ነው፤ ማሸት ደግሞ ሙቀት ይፈጥራል። የምላጩ ዳር ሲሞቅ ይለጠጣል፤ መሃሉ ግን እንደነበረ ነው። በዚህ ጊዜ ዳሩ የሚሄድበት ቦታ ስለሚያጣ ወደ ግራና ቀኝ ይወላውላል፤ ጣውላውም ያንኑ ተከትሎ ይወጣል። በወላወለ ምላጭ ላይ ፍጥነት መጨመር አደጋ ነው።

የእርስዎም መፍትሔ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ምላጩ በሙሉ ፍጥነቱ እየዞረ እንጨቱ አለመጠን ቀስ ብሎ ከቀረበ፣ እያንዳንዱ ጥርስ የሚያነሳው እጅግ ስስ ስለሚሆን ስለታም የነበረውም ጥርስ ማሸት ይጀምራል። በሌላ በኩል እንጨቱ ከመጠን በላይ ከተገፋ በጥርሶቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ ሰጋቱራውን መያዝ ያቅተዋል፤ ሰጋቱራው በምላጩና በእንጨቱ መካከል ይጠቀጠቅና እንደገና ሙቀት ይፈጥራል። ልኩ በሁለቱ መካከል ነው። የሞተሩ ድምፅ ሳይወርድ፣ ሰጋቱራውም ሳይደቅ የሚሄድበትን ፍጥነት ጆሮና ዐይን ያገኙታል፤ አንጓ ባለበትና ጠንካራ እንጨት በሚመጣበት ጊዜ ይቀንሳል።

ምላጩ ሲወርድ የሚታዩ ነገሮች አሉ። የጥርሶቹ ቁመት እኩል ነው? ግራና ቀኝ የተከፈቱበት መጠን ይመሳሰላል? በሞረድ ወይም በድንጋይ ሲሳል ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ተቃጥሏል፤ እንዲህ ያለው ጥርስ ቶሎ ይደንዛል ወይም ይሰበራል። ከጎድጓዳው ሥር የጀመረ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ካለ ደግሞ ምላጩ ባለሙያ ሳያየው ወደ ሥራ አይመለስም። ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ከላላም ውጤቱ ያው መወላወል ስለሆነ እሱም ይፈተሽ። ትላልቅ ክብ ምላጮች ለተወሰነ ፍጥነት በመዶሻ ተቀጥቅጠው የሚዘጋጁ ናቸው፤ በዚያ ፍጥነት ሲዞሩ ይቃናሉ፤ ከዚያ በታች ወይም በላይ ሲዞሩ ግን ይወላውላሉ። ምላጩ ላይ የተቀረጸውን የፍጥነት ወሰን ማለፍ በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ዲያሜትሩ 1.2 ሜትር የሆነ ምላጭ በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር፣ ጥርሱ በሰከንድ 47 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጥርስን ከእንጨቱ ይልቅ የሚያደነዝዘው በቅርፊቱ ላይ የተለጠፈ አሸዋና ጭቃ መሆኑን ብዙዎች ይዘነጉታል። መሬት ላይ የተጎተተ ግንድ ከመውጣቱ በፊት ምላጩ በሚያልፍበት መስመር በኩል በብረት ብሩሽ ወይም በውኃ ይጽዳ፤ ቢቻል ቅርፊቱ ይላጥ።

ባለቤቱ ምርት መጨመር ከፈለጉ ሌላ የሚያስቡበት ነገር አለ። ምላጭዎ በእንጨቱ ውስጥ ባለፈ ቁጥር 6 ሚሊ ሜትር የሚበላ ከሆነ፣ 10 ጊዜ ሲያልፍ 60 ሚሊ ሜትር እንጨት ሰጋቱራ ይሆናል። 2.5 ሚሊ ሜትር የሚበላ ባንድሶ (ምላጩ እንደ ቀበቶ ረጅምና ቀጭን የሆነ መጋዝ) 10 ጊዜ ሲያልፍ የሚያባክነው 25 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ባለ 25 ሚሊ ሜትር አንድ ተጨማሪ ጣውላ ያስገኛል። ባንድሶ ግን ጥንቃቄው ይበዛል፤ ቀጭኑ ምላጭ ለረጅም ሰዓት ያለ እረፍት ሲሠራ ስለሚዝልና ስለሚሰነጠቅ በየጊዜው መቀየርና ማረፍ፣ የሥራው ቀን ሲያበቃም ውጥረቱ መላላት አለበት።

ጥያቄ፦ ጣውላ ተቀባይ ነኝ። ከምላጩ አጠገብ የተቀረቀረ ልጣጭ ሊያወጣ የገባ የሥራ ባልደረባዬ ጣቶቹን አጥቷል። ማሽኑ ጠፍቶ ነበር፤ ምላጩም የቆመ መስሎት ነበር። እንዲህ ያለው እንዳይደገም ምን ዓይነት ደንብ ይውጣ?

መልስ፦ በባልደረባዎ ላይ የደረሰው ከልብ ያሳዝናል፤ ጥፋቱንም በእሱ ላይ መጫን ትክክል አይደለም። ከባድ ምላጭ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ለደቂቃዎች ሊዞር ይችላል፤ ዙሩ ሊያበቃ ሲል ድምፁ ይጠፋል፤ ጫጫታ ባለበት ቦታ ደግሞ የቆመ ይመስላል። ሰው በድምፅ ተመርቶ እጁን የሚያስገባበት አሠራር ራሱ የተበላሸ ነው።

የመጀመሪያው ደንብ እንዲህ ይሁን። ምላጩ አጠገብ፣ ቺንጋው (ኃይል የሚያስተላልፈው ቀበቶ) እና ፑሌጃው (ቀበቶው የሚዞርበት መዘውር) ዘንድ ወይም ከማሽኑ ሥር ማንኛውም ሰው ከመግባቱ በፊት ዋናው ማብሪያ ይጠፋል፤ በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ ቁልፉም በሚገባው ሰው ኪስ ውስጥ ይሆናል። ሁለት ሰው ከገባ ሁለት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል። ማብሪያው ላይ «ሰው ውስጥ አለ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ይረዳል እንጂ ጓጉንቸሩን አይተካም፤ ወረቀት ይወድቃል፤ የማያነብም አለ። ከዚያ ምላጩ መቆሙ በዐይን ይረጋገጣል፤ ለዚህም በምላጩ ላይ ደማቅ መስመር መቀባት ጥሩ ዘዴ ነው፤ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ካልታየ ምላጩ እየዞረ ነው። በመጨረሻ ማሽኑን ለማስነሳት ይሞከራል፤ አለመነሳቱ ሲረጋገጥ ብቻ እጅ ይገባል። ባልደረባዎ የገባበት ሥራ ሰከንዶች የሚፈጅ ይመስል ነበር፤ ስለዚህ ደንቡ «ለአጭር ጊዜ ነው» የሚል ልዩነት ሊኖረው አይገባም።

እንደ እርስዎ ባሉ ተቀባዮች ላይ የሚደርሰው አደጋ ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ገና ተሰንጥቆ ያላበቃን ጣውላ ለመሳብ መቸኮል ነው፤ ጣውላው ሲጣመም ምላጩን ይቆነጥጠዋል። ሁለተኛው የተነሳውን ጣውላ ወይም ልጣጭ መልሶ በምላጩ አጠገብ ማሳለፍ ሲሆን፣ ጫፉ የኋላ ጥርሶቹን ከነካ ከእጅዎ ነጥቆ ይወረውረዋል። ጣውላው ሙሉ በሙሉ ከምላጩ እስኪያልፍ ይጠብቁ፤ ከምላጩ መስመር ወጥተው በጎን ይቁሙ፤ ያነሱትንም ወደ ውጭ እንጂ ወደ ኋላ አይመልሱ። በምላጩ ዙሪያ የሚቀሩ ትናንሽ ቁርጥራጮች በረጅም የእንጨት ዘንግ ይገፋሉ እንጂ በእጅ አይነሱም።

ጓንት ጣውላ ሲደረደር ከስንጥር ይጠብቃል፤ ከሚዞር ዘንግና ከምላጭ አጠገብ ግን እጅን ጎትቶ ያስገባልና ይውለቅ። የተንጠለጠለ ልብስ፣ የአንገት ልብስና ያልታሰረ ረጅም ፀጉርም እንዲሁ ናቸው። የአስቸኳይ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍ ከኦፕሬተሩ በተጨማሪ ከእርስዎ መቆሚያ እጅ ሊደርስበት ይገባል። ይህ ከሌለ ባለቤቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አደጋ ሲመጣ ለማቆም ወደ ሌላ ሰው መጮህ ያለበት ሠራተኛ ጥበቃ የለውም።

ጥያቄ፦ ግንድ ከክምር እያወረድኩ ወደ ጋሪው የማንከባልለው እኔ ነኝ። ክምሩ ላይ ወጥቼ ከላይ መግፋት ይሻላል ወይስ ከሥር መሳብ?

መልስ፦ ሁለቱም አይሻልም። ክምር ላይ መውጣትም ከግንዱ ቁልቁል በኩል መቆምም የተከለከለ ይሁን። ከጫፉ በኩል በጎን ቆመው፣ ረጅም እጀታ ባለው ማንከባለያ ከላይኛው ግንድ ይጀምሩ፤ የታችኛውን ግንድ ወይም ሽብልቁን ቀድመው አይንኩ። ክምሩ ዝቅ ያለ ይሁን፤ በሁለቱም ወገን ጠንካራ መያዣ ይኑረው፤ ዝናብ ዘንቦበት ወይም ቅርፊቱ ተልጦ ከሆነ እንጨቱ ስለሚንሸራተት ጥንቃቄው እጥፍ ነው። አንድ ግንድ እየተንከባለለ ሳለ በመንገዱ ላይ ማንም ሰው አይለፍ።

ጥያቄ፦ አናጺ ነኝ። 25 ሚሊ ሜትር ብዬ ያዘዝኩት ጣውላ ሲደርቅ ያንሳል፤ ሲላግ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። መሰንጠቂያው እያታለለኝ ይሆን?

መልስ፦ በእርጥቡ 25 ሚሊ ሜትር አድርገው ከሰጡዎት ትዕዛዝዎን እንዳለ ፈጽመዋል፤ የጎደለው የጋራ ስምምነት ነው። እንጨት የእርጥበት መጠኑ ከ30 በመቶ ገደማ በታች መውረድ ሲጀምር ይኮማተራል። በእድገት ቀለበቱ አቅጣጫ የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በቀለበቱ አቅጣጫ 8 በመቶ የሚኮማተር እንጨት እስከ 12 በመቶ እርጥበት ሲደርቅ 5 በመቶ ያህል ያንሳል። ስለዚህ 25 ሚሊ ሜትር ደረቅ ውፍረት ለማግኘት ቢያንስ 26.3 መሰንጠቅ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ምላጩ ወጣ ገባ ሲል ለሚፈጠረው የውፍረት ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር፣ ሁለቱን ገጽ ለመላግ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲጨመር ወደ 30 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሲያዙ «ደርቆና ተልጎ 25» ብለው ይጻፉ። መሰንጠቂያውም ያለ ልክ ትርፍ እንዳይጨምር ከየቀኑ ሥራ ጥቂት ጣውላዎች አንስቶ ውፍረታቸውን በካሊፐር (በትክክለኛ የውፍረት መለኪያ) ይለካ፤ ልዩነቱ የጠበበ መሰንጠቂያ ትርፉንም ማሳነስ ይችላል።

ጥያቄ፦ የጆሮ መከላከያ ሳደርግ የባልደረቦቼን ጥሪ አልሰማም ብዬ እፈራለሁ። ሳላደርግ ብሠራ ምን ያህል ይጎዳኛል? አቧራውስ?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ቢሆንም መፍትሔው መከላከያውን ማውለቅ አይደለም። በቀን ለ8 ሰዓት ያህል የሚፈቀደው የድምፅ ልክ በብዙ አገሮች 85 ዲሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዲሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ እንዲቀንስ ይመከራል። እየሰነጠቀ ያለ ክብ መጋዝ 100 ዲሲቤል መድረሱ የተለመደ ሲሆን፣ በዚህ ስሌት ያለ መከላከያ የሚፈቀድልዎ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የጠፋ የመስማት ችሎታ አይመለስም።

ጥሪውን በተመለከተ፣ በመሰንጠቂያ ውስጥ ማንም ሰው በድምፅ ላይ መመካት የለበትም። አስቀድማችሁ የእጅ ምልክት ተስማሙ፤ ለመጀመር፣ ለመገልበጥና ለማቆም ለእያንዳንዳቸው አንድ ምልክት ይበቃል። «ጀምር» የሚለውን ምልክት አንድ የተመደበ ሰው ብቻ ይስጥ፤ «አቁም» የሚለውን ግን ማንም ሰው መስጠት ይችላል፤ ኦፕሬተሩም ምክንያቱን ሳይጠይቅ ያቆማል።

የእንጨት አቧራን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ጋር መድቦታል፤ በተለይ የሚታወቀው በአፍንጫና በዙሪያው ባሉ ክፍተቶች ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው። ስለዚህ አቧራውን ከምንጩ የሚስብ ቱቦ ቢኖር ይመረጣል፤ እስኪኖር ድረስ ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ የፊት ጭምብል ያድርጉ፤ ተራ ጨርቅ ይህን አይሠራም። በጣሪያ፣ በግድግዳና በሞተር ላይ የተጠራቀመውን ሰጋቱራ በአየር ግፊት አይበትኑት፤ በአየር ላይ የተበተነ ደቃቅ አቧራ እሳት ካገኘ ይፈነዳል። በየቀኑ ማሽኑ ቆሞና ተቆልፎ ሳለ ጠርገው ከሕንፃው ያውጡት፤ የሞቀ ኩሽኔታ አጠገብ የቀረ ሰጋቱራ እንዳይኖርም ከመዝጋትዎ በፊት ዞር ብለው ይመልከቱ።